መቀበል ብቻ አይበቃም፤ መላክም ያስፈልጋል

የአንድ አገር ሥልጣኔ የሚመዘነው ከውጭ በሚያስገባው ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ከራሱ አፍልቆ ለሌላው በሚያደርሰው ነገር ጭምር ነው። ወደ ገበያ ሄዶ ሸምቶ ብቻ የሚመለስ ሰው ለጥቂት ዘመን ባለጸጋ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሸጠው ከሌለው ከረጢቱ መጉደሉ አይቀርም። ይህ ለእህልና ለከብት ሲሠራ የኖረ ሕግ በዛሬው ዘመን ለድምፅ፥ ለሥዕልና ለዕውቀትም ሕግ ሆኗል።

የሥልጣኔ መንገድ ሁሉ ሲከፈት በሁለት ወገን እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ያህል የስልክ ሽቦ እንዲዘረጋ ባዘዙ ጊዜ፥ አሳባቸው የቤተ መንግሥቱ ቃል ወደ ሐረር እንዲደርስ ብቻ አልነበረም፤ የሐረርም ቃል ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲመለስ ነበር። በዚያን ዘመን ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ሲሰማ አንዳንድ ካህናትና መኳንንት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተጠራጠሩ ይነገራል። ኋላ ግን ጥቅሙ ሲገለጥ ጥርጣሬው በረደ፤ ስልክም ለመንግሥቱም ለቤተ ክህነቱም የሥራ መሣሪያ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገባ፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ጀመረ። ይህ ሁሉ የትጋት ፍሬ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። ነገር ግን በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ አንድ ነገር ሳይታሰብ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይኸውም ወደ ቤት የሚያስገባው መንገድ እየሰፋ ሲሄድ፥ ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የዚህን ነገር ጉዳት በግልጥ የሚያሳዩት፥ ብዙ ሰው ሥራ ፈት ናቸው ብሎ የሚንቃቸው ወጣቶች ናቸው። አዲስ አበባን ከበው የሚገኙት ከተሞች፥ ማለት በደሴ መንገድ ለገጣፎ፥ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ በጅማ መንገድ ሰበታ፥ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። በነዚህ ከተሞች ከመናገሻይቱ ወጥቶ ጎጆ የቀለሰ ብዙ ቤተ ሰብ ይኖራል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ መንገዱ፥ ከመንገዱ በኋላ ውሃው፥ ከውሃው በኋላ መብራቱ፥ ከሁሉ በኋላ የኢንተርኔቱ መስመር ይመጣል። ከነዚህ ቤተ ሰቦች ልጆች አንዳንዶቹ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ የቪዲዮ ጨዋታ እየተጫወቱ፥ ጨዋታውን በዚያው ቅጽበት በኢንተርኔት ለተመልካች ማሳየትን ሙያ ሊያደርጉት ይሻሉ። ተጫዋቹ ይጫወታል፤ እየተጫወተም ይናገራል፤ ያስረዳል፤ ያስቃል፤ ከተመልካቹ ለሚመጣው ጥያቄ ይመልሳል። በሩቅ አገር ያለ ሰው እንደ ጎረቤት ሆኖ ይመለከተዋል።

ጨዋታ የሥራ ጠላት ነው የሚሉ ሽማግሌዎችና መምህራን አሉ፤ ነገራቸውም ሁሉ ከንቱ አይደለም። ልክ የሌለው ጨዋታ ትምህርትን ያስተዋል፤ እንቅልፍን ይነሣል፤ በገንዘብ ውርርድ ሲታጀብ ደግሞ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ የወላጅ ተግሣጽና የንስሐ አባት ምክር ምንጊዜም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ጨዋታን በጠቅላላው መኰነን የአባቶች ልማድ አልነበረም። በልደት በዓል ገና ሲመታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ነበር፤ በዚያም ቀን ሎሌው ቢቀልድ ጌታው አይቀየምም ነበር። ሰንጠረዥ በመኳንንት አዳራሽ የአሳብ መፈተኛ ነበር፤ ገበጣም እረኛው መሬት ቆፍሮ ቁጥር የሚማርበት ነበር። ጨዋታ ሁልጊዜ የነበረ ነው፤ በዘመናችን የተለወጠው መሣሪያውና የተመልካቹ ርቀት ነው።

ከዚህም በላይ በሌላው ዓለም ይህ ጨዋታ ታላቅ ንግድ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ትዊች የተባለው የቀጥታ ሥርጭት ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ተጀምሮ፥ ገና ሦስት ዓመት ሲሆነው አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። ይህን ያህል ዋጋ ያወጣው ወርቅ ወይም ነዳጅ ስላለው ሳይሆን፥ ሰዎች ሲጫወቱ ለማየት የሚሰበሰብ ሕዝብ ስላለው ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጨዋታ ሠርቶ፥ ከገበሬው እጅ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ያገራችንን የበዓል ወግ ለዓለም አቅርቧል። እንግዲህ ጨዋታ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ካለ፥ ጨዋታውን በአማርኛና በኦሮምኛ እየተረከ የሚያሳይ ኢትዮጵያዊም ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህን እንዳያደርግ የሚያስቸግረው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመስመር ጥበት ሆኖ ይገኛል።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የቤት ኢንተርኔት ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባ መቀበያ፥ ሁለተኛው ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣ መላኪያ ነው። ፊልም የሚያይ፥ ዜና የሚያነብ፥ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው የሚሠራው በመቀበያው ነው። ሥራውን በቀጥታ የሚያሰራጭ ሰው ግን የሚያስፈልገው መላኪያው ነው። የመንገዱ ስፋት የሚለካው በሴኮንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የተባለው ዘዴ ሲፈጠር፥ የቤት ሰው ብዙ የሚቀበል ጥቂትም የሚልክ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ፥ የሽቦው አብዛኛው ድርሻ ለመቀበያው ተሰጠ። ከዚህ ዘዴ የተሻሻለው እንኳ በመልካም ሽቦ ላይ እስከ 24 ሜጋቢት ሲያስገባ፥ የሚያወጣው ግን ከ1 ሜጋቢት ብዙም አይበልጥም። ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ መጠን ደግሞ ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ በከተማ ዳር የተሠራ ቤት ከጣቢያ መራቁ ያው የታወቀ ነው። በእጅ ስልክ ሞገድ የሚጠቀመውም ቢሆን ከዚህ ችግር ፈጽሞ አላመለጠም፤ የማማው ኃይል ብርቱ ስለ ሆነ ወደ ቤት ያለው ይደርሳል፤ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ኃይሉ ትንሽ ስለ ሆነ ከቤት ወደ ማማው የሚመለሰው ይደክማል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በለገጣፎ የሚኖር፥ መላኪያው 1 ሜጋቢት ብቻ የሆነ አንድ ወጣት ይታሰብ። ትዊች ለሙሉ ጥራት ሥዕል የሚመክረው 6 ሜጋቢት ነው፤ መካከለኛ ለሆነው 3 ሜጋቢት ያህል ነው። ይህ ወጣት ሙሉውን ጥራት ልላክ ቢል፥ በጠባብ በር ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ እንደ ማስወጣት ይሆንበታል። ሥዕሉ ይቆማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ የመጣውም ተመልካች ትቶት ይሄዳል። ያም ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ትንሽ መንገድ ቢበቃውም ፈጣን ምላሽ ስለሚፈልግ፥ ሥርጭቱ መላኪያውን በሞላው ጊዜ የጨዋታው ትእዛዝ ከኋላ ተሰልፎ ይቆያል፤ ተጫዋቹም በችሎታው ሳይሆን በመስመሩ ይሸነፋል። ይህን ያየ ወላጅ «ሥራው አልሆነለትም» ይላል፤ ልጁ ግን የጐደለው ሙያ ሳይሆን መንገድ ነው።

ወጪውም ሊታሰብ ይገባል። በ6 ሜጋቢት የሚደረግ ሥርጭት በአንድ ሰዓት 2.7 ጊጋባይት ይበላል። በ3 ሜጋቢት በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 81 ጊጋባይት ይደርሳል። በሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ወጣት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ሥዕሉም ከቤት ከወጣ በኋላ ጉዞው ረጅም ነው፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ገመድ ይደርሳል። በመንገድ ላይ ጥቂቱ ቢጠፋ የጠፋው ዳግመኛ ይላካል፤ ዳግመኛ ሲላክም የሚከተለው ይዘገያል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው ተረት በዚህ ሥራ ላይ እንደ ሕግ ይፈጸማል።

አንድ ሰው «ይህ የጥቂት ተጫዋቾች ነገር ነው፤ ለመንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ምን ያገባቸዋል» ሊል ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ የሚቸገርበት መንገድ የሁሉ መንገድ ነው። መምህሩ ትምህርቱን ለሩቅ ተማሪ የሚያሳየው በመላኪያው ነው። ሐኪሙ የታማሚን ሥዕል ለሊቁ ባልደረባው የሚልከው በዚያው ነው። ነጋዴው የዕቃውን ሥዕል፥ ጸሐፊው መዝገቡን፥ ባለጉዳዩም ማመልከቻውን የሚያደርሱት በዚያው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምእመናን በቤታቸው ተቀምጠው የትንሣኤን ሥርዓት በቴሌቪዥን በተከታተሉ ጊዜ፥ ሥዕልና ድምፅ ማስተላለፍ ለቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁሉም አይቷል። በቴሌቪዥን ግን የሚታዩት ታላላቆቹ አድባራት ናቸው። የለገጣፎ ወይም የሰበታ አጥቢያ ማኅሌቱን ወይም ስብከቱን በባዕድ አገር ላሉት ልጆቹ ላድርስ ቢል፥ የሚሄድበት መንገድ ያው ተጫዋቹ የሚቸገርበት ጠባብ መንገድ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ መንገዱን ቀድሞ የሞከረ መንገደኛ እንጂ ለብቻው የሚያለቅስ ሰው አይደለም፤ ጉድጓዱን የነገረ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊናቅ አይገባም።

መንግሥትም ቢሆን ወጣቱን በዚህ መንገድ እንዲሄድ ጠርቶታል። በ2012 ዓ.ም. የዲጂታል ኢትዮጵያ ስልት ጸደቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ የማስተማር ሥራ ተጀመረ። ዘር የሚዘራ ሰው ጐተራ ማሰናዳት ግድ ይሆንበታል፤ የሠለጠነ ወጣትም የሠራውን የሚያወጣበት በር ሊሰናዳለት ይገባል። አለዚያ በወንጌል ምሳሌ እንደ ተነገረው መክሊቱ በመሬት ይቀበራል፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀበረው ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን በሩን ያጠበበውም እንዳይሆን ያሠጋል።

በዚህ ነገር የወጣቱም ድርሻ አለ፤ ድርሻውንም በቅድሚያ መናገር ተገቢ ነው፤ መንግሥት እስኪሠራ እጅን አጣምሮ መቀመጥ የብልኅ ሰው ተግባር አይደለምና። በመጀመሪያ የመላኪያውን ስፋት ደጋግሞ ይለካ፤ በጧት፥ በቀትርና በማታ የሚያገኘው አንድ አይሆንም። ከዚያም ከለካው ከሲሶ እስከ ሩብ ያህሉን ሳይነካ ትቶ በቀረው ይሥራ። መንገዱን ጨርሶ የሞላ ሰው ለጨዋታው ትእዛዝ መተላለፊያ አያስቀርም። ሁለተኛ፥ የሥዕሉን መጠን ያሳንስ፤ 1.6 ሜጋቢት የሚልክ መስመር ካለው 1.2 ሜጋቢት ብቻ ተጠቅሞ በትንሽ ሥዕል ቢሠራ፥ በሰዓት የሚበላው 540 ሜጋባይት ብቻ ነው። መስመሩ 1 ሜጋቢት ብቻ የሆነበት ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይበል። ትንሹን ሥዕል ማሳየት ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም ለተመልካቹ ቸርነት ነው። ትዊች ለጀማሪ አሰራጭ ሥዕሉን በልዩ ልዩ ጥራት ከፋፍሎ ለማቅረብ ዋስትና ስለማይሰጥ፥ ከባድ ሥዕል የላከ ሰው በደሴ ወይም በነቀምቴ በደካማ መስመር የሚመለከተውን ወንድሙን በሩን ዘግቶበታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ለድምፁ ይጠንቀቅ። ጥሩ ድምፅ ከሥዕሉ ጋር ሲነጻጸር የሚፈልገው መንገድ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሜጋቢት አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል። የደበዘዘ ሥዕል ይታገሡታል፤ የተቆራረጠ ቃል ግን ማንም አይታገሥም። አራተኛ፥ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኝ፤ በግድግዳ የሚያልፈው ዋይፋይ ያለውንም ጥቂት ይቀንሳልና። ኦቢኤስ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ የማሰራጫ ፕሮግራም በመንገድ የቀሩትን ሥዕሎች ቁጥር ስለሚያሳይ፥ ያን እየተመለከተ መጠኑን ያስተካክል። አምስተኛ፥ መስመሩ በፍጹም እንቢ ባለ ቀን ጨዋታውን በቤቱ ቀድቶ፥ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ቀስ እያለ ይላከው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የተሰማው ሁሉ ለዚህ ትዕግሥት የተነገረ ይመስላል። በዚህ ሁሉ ግን ትምህርቱንና የቤት ሥራውን እንዳይጥል፥ የጨዋታውንም ሰዓት ከወላጆቹ ጋር እንዲወስን ያስፈልጋል።

የባለሥልጣኖች ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የመጀመሪያው ነገር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም እውነቱን መናገር ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ሲሸጥ በማስታወቂያ ጎልቶ የሚነገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመቀበያው ነው፤ ይህም በአገራችን ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፥ አገልግሎት ሰጪዎች ሁሉ የመቀበያውንና የመላኪያውን ቁጥር ጎን ለጎን በእኩል ፊደል እንዲያሳውቁ ቢያዝ፥ ገዢው የሚገዛውን ያውቃል። ነጋዴ በሚዛኑ አንዱን ሳሕን ብቻ አሳይቶ እንዲሸጥ በየትኛውም ገበያ አይፈቀድለትም።

ሁለተኛው የመዳቡን ሽቦ በፋይበር መተካት ነው። ለቤቶች የሚዘረጋው የተለመደው የፋይበር ዘዴ ጂፖን ይባላል፤ በአንድ ሐረግ ላይ ላሉ ቤቶች በጋራ የሚያስገባው 2.5 ጊጋቢት ያህል ሲሆን የሚያወጣው 1.25 ጊጋቢት ያህል ነው። ይህ ማለት በመዳቡ ከሃያ አራት አንድ እጅ የነበረው መላኪያ በፋይበሩ ከሁለት አንድ እጅ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ፋይበር በደረሰበት ቤት መላኪያውን በሽያጭ ደንብ አጥብቦ መሸጥ መሣሪያው የሰጠውን በጎ ነገር መከልከል ይሆናል። በሸገር ከተማ አዳዲስ መንገዶች ሲሠሩ፥ የመንገዱ፥ የውሃው፥ የመብራቱና የቴሌው መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጉድጓድ ቢስማሙ ብዙ ወጪ ይድናል፤ አንዱ የቀበረውን ሌላው እየቈረጠ መሥራት ግን የሁሉ ኪሣራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለመሥሪያ ቤቶችም ተነግሯል።

ሦስተኛው፥ ፋይበር ወደ እያንዳንዱ ቤት እስኪደርስ ድረስ፥ በየከተማው አንድ የወጣቶች ማዕከል ሰፊ መላኪያና የመብራት መጠባበቂያ ያለው ክፍል ቢኖረው ነው። በዚያ ክፍል በተራ አንዱ ጨዋታውን፥ ሌላው ትምህርቱን፥ ሌላውም የእጅ ሥራውን ቢያሰራጭ፥ አንድ መስመር ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ታላላቆችም ወጣቱ የሚሠራውን በዓይናቸው እያዩ ሊመክሩት ይችላሉ። በጓዳ ተደብቆ ከሚጫወት ልጅ ይልቅ በአደባባይ የሚጫወተውን መምከር ይቀላል።

በዚህ ላይ «በገጠር ምንም መስመር ያልደረሰው ገበሬ እያለ የከተማ ዳር ልጅ መላኪያ ይስፋልኝ ማለቱ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊመለስለት ይገባል። ምንም ላልደረሰው መቅደም እውነተኛ ፍርድ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን በግልጥ መናገር ከገበሬው ድርሻ የሚወስደው አንዳች ነገር የለም፤ የተዘረጋውን ፋይበር በሁለቱም ወገን ማሠራትም እንዲሁ። ከዚህም ሌላ ዛሬ በለገጣፎ የተሳሳተው ልማድ ነገ በገጠር እንዳይደገም አሁኑኑ መታረም አለበት። ገበሬውም ቢሆን መስመሩ ሲደርሰው የከተማውን ነገር እንዲያይ ብቻ ሳይሆን፥ የእርሻውን ነገር እንዲያሳይ፥ ዋጋውን እንዲጠይቅ፥ የታመመ ከብቱን ለሐኪም እንዲያቀርብ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በመላኪያው የሚሆን ነው።

እነዚህ የመናገሻይቱ ዙሪያ ከተሞች ከጥንት ጀምሮ ሰጪዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከለገጣፎ አጠገብ ካለው ከለገዳዲ፥ እንዲሁም በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ የሚወርድ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድም መነሻው ሰበታ ነው፤ ሐዲዱ የተዘረጋው ዕቃ ከወደብ ለማስገባት ብቻ ሳይሆን ያገሩን ምርት ወደ ወደብ ለማውጣትም ነው። ውሃውን በቧንቧ፥ ምርቱን በሐዲድ እንዲልክ መንገድ የተሰናዳለት አገር፥ የልጆቹን ድምፅና ሥራ የሚልክበት መንገድ ሊከለከል አይገባውም።

ስለዚህ ባለሥልጣን የሆነ ሁሉ በፊቱ የኢንተርኔት ዕቅድ በቀረበለት ጊዜ፥ ስንት ያስገባል ብሎ እንደሚጠይቅ ስንት ያስወጣል ብሎም ይጠይቅ። ካህናትም የወጣቱን ሥራ ሳይመረምሩ ከመኰነን ይልቅ፥ ወደ መልካም እንዲያዘነብል ይምሩት። ወጣቱም በጠባቡ መንገድ በትዕግሥትና በልክ መሥራትን ይልመድ፤ በጠባብ መንገድ መሄድን ያወቀ ሰው መንገዱ በሰፋለት ቀን ፈጥኖ ይሮጣልና። እግዚአብሔር የሠሪዎችን እጅ ያበርታ፤ ለአገራችንም ከመቀበል ጋር የመስጠትን ጸጋ ያድላት።